የላፕቶፕ ስክሪን ብርሃን በሊኑክስ ላይ አልታዘዝ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ መፍትሔ

ሊኑክስ የጫኑ ሰዎች ደውለው ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ እንደዚህኛው የሚደጋገም የለም። «ብርሃኑ ጭራሽ አይቀንስም» ይላል አንዱ። ሌላዋ «ቁልፉን ስጫን ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ብርሃኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም» ትላለች። ጥያቄው ከደብረ ብርሃንም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም ይመጣል። ሸዋ ሮቢት ላይ በቀትር በረንዳ ላይ የሚሠራ ሰው ብርሃኑ ካልጨመረለት የጻፈውን ማንበብ አይችልም። መንዝ ውስጥ መብራት ጠፍቶበት በባትሪ የቀረ መምህር ደግሞ ብርሃኑ ካልቀነሰለት ፈተናውን አዘጋጅቶ ሳይጨርስ ላፕቶፑ ይዘጋበታል፤ ከላፕቶፕ ክፍሎች ሁሉ ባትሪ አብዝተው ከሚበሉት አንዱ የስክሪኑ መብራት ነውና።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ስክሪኑ ሳይበላሽ «ስክሪን ይቀየር» ተብለው ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ የሚወርዱ ሰዎች ነገር ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን መመሪያ እስከ መጨረሻው ይከተሉ።

የብርሃን ትእዛዝ በሦስት እጅ ያልፋል። ቁልፉ ለሲስተሙ ይናገራል፣ ሲስተሙ ለግራፊክስ ድራይቨሩ (የስክሪኑን ሥዕል የሚሠራውን ክፍል ለሚያዝዘው ፕሮግራም) ያስተላልፋል፣ ድራይቨሩ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን መብራት ያዝዛል። ከሦስቱ የትኛው ጋ እንደተቋረጠ ሳይለዩ ያገኙትን ትእዛዝ ሁሉ መሞከር ጤነኛውንም ክፍል ያበላሻል። ስለዚህ ደረጃዎቹን አይዝለሉ፤ ዝለሉ በምልበት ቦታ ብቻ ይዝለሉ።

መመሪያው የተጻፈው ለኡቡንቱና ለሊኑክስ ሚንት ነው። ዴቢያን ላይም አብዛኛው እንዳለ ይሠራል፤ ፌዶራ ላይ የሚለየውን በቦታው እጠቅሳለሁ።

የሚያስፈልግዎ

- ቢያንስ ግማሽ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ፣ ቻርጀሩ ጭምር
- የሲስተሙ የይለፍ ቃል
- ለጥቂት ደረጃዎች ብቻ ኢንተርኔት፤ የስልክ ዳታ ይበቃል
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ወረቀትና እስክሪብቶ፤ የለወጡትን ሁሉ ይጽፉበታል

ትእዛዞቹ እዚህ እንዴት እንደተጻፉ

ትእዛዝ ለሰዎች የማነበው ብዙ ጊዜ በስልክ ስለሆነ እዚህም ያስቀመጥኩት በፊደሎቹ ስም ነው። እርስዎ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ የሚጽፉት በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው። «ኤል-ኤስ» ካልኩ ሁለት ፊደል አያይዘው ይጽፋሉ፤ በፊደሎቹ ስም መካከል ያለው ጭረት መለያ ስለሆነ አይጻፍም። ክፍት ቦታ ያለበት ላይ ክፍት ቦታ ይተዉ። ሌሎቹ ምልክቶች እንዳሉ ይጻፋሉ። ረጅም ስም ሲያጋጥም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደላት ጽፈው «ታብ» የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ ኮምፒውተሩ ራሱ ይጨርስልዎታል። የፊደል ስህተትን በዚህ ያህል የሚቀንስ ዘዴ የለም።

ማስጠንቀቂያ

- የብርሃኑን ቁጥር 0 አያድርጉ። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ 0 ማለት መብራቱን ጨርሶ ማጥፋት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጽፉት አይታይዎትም።
- በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ይፈትሹ። ሁለት ነገር አብረው ከለወጡ የትኛው እንደፈታው፣ የትኛውስ እንዳበላሸው አይታወቅም።
- መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ባትሪው ደካማ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ደረጃ 7ን አይጀምሩ። የማስነሻ ፋይል እየተጻፈ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ችግሩ መቼ እንደጀመረ ያስታውሱ

ሊኑክስ ከተጫነ ጀምሮ ነው ወይስ ሲሠራ ቆይቶ ሲስተሙ ሲታደስ ነው የተበላሸው? ከእድሳት በኋላ ከሆነ ምናልባት የአዲሱ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ጥፋት ነው፤ ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ላፕቶፑን እንደገና ያስነሱ። የአምራቹ ምልክት ብቅ ሲል «ኢስኬፕ» ቁልፍን አንዴ መታ ያድርጉ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ «ሺፍት»ን ተጭነው ይቆዩ። የማስነሻው ዝርዝር፣ ማለትም ግራብ፣ ይመጣል። ከላይ ሁለተኛውን፣ የላቁ አማራጮች የሚለውን መስመር ይክፈቱና ከአዲሱ ከርነል ቀጥሎ ያለውን የቆየ ቁጥር ይምረጡ። በቆየው ከርነል ብርሃኑ ከታዘዘ ምንም ነገር አልተሰበረም፤ ቀጣዩ እድሳት እስኪመጣ በእሱ ይሥሩ።

ኢስኬፕን ደጋግመው መትተው ጥቁር ስክሪን ላይ የግራብ የትእዛዝ መስመር ቢመጣብዎ አይደንግጡ። «አር-ኢ-ቢ-ኦ-ኦ-ቲ» ብለው ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ እንደገና ይነሳል።

ደረጃ 2፦ ቁልፉን ትተው ማንሸራተቻውን ይሞክሩ

በስክሪኑ ቀኝ የላይኛው ጥግ ያለውን የሲስተም ምናሌ ይክፈቱ። ሚንት ላይ ከታች በቀኝ በኩል ያለውን የባትሪ ምልክት ነው የሚጫኑት። የፀሐይ ምልክት ያለበትን ማንሸራተቻ በማውዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ቀጣዩን መንገድዎን የሚወስነውም እሱ ነው።

ማንሸራተቻው ብርሃኑን ከለወጠ ድራይቨሩም መብራቱም ጤነኛ ናቸው፤ የተቋረጠው ቁልፉ ጋ ነው። ወደ ደረጃ 3 ይሂዱ።

ማንሸራተቻው ከተንቀሳቀሰና ብርሃኑ ካልተለወጠ ሲስተሙ ትእዛዙን ለማይሰማ አካል እየሰጠ ነው። ደረጃ 3ን ዝለሉት።

ማንሸራተቻው ጭራሽ ከሌለ ሲስተሙ ስክሪኑ የሚታዘዝ መብራት እንዳለው አላወቀም። ይህኛውም ወደ ደረጃ 4 ይወስዳል፤ መፍትሔውንም ብዙ ጊዜ እዚያው ያገኙታል።

ከጠረጴዛ ስክሪን ጋር በገመድ አገናኝተው ከሆነ የሚሠሩት፣ ማንሸራተቻው ብዙ ጊዜ የሚያዝዘው የላፕቶፑን የራሱን ስክሪን ነው። ውጭ ያለው ስክሪን ብርሃን በራሱ ቁልፎች ይስተካከላል።

ደረጃ 3፦ ቁልፉን ይፈትሹ

መጀመሪያ የኤፍ-ኤን ቁልፍን ከብርሃን ቁልፉ ጋር አብረው ይጫኑ፤ ከዚያ ያለ ኤፍ-ኤን ብቻውን ይጫኑ። አንዱ ከሠራ ችግሩ የኤፍ-ኤን ቁልፍ መቆለፍ ነው። ብዙ ዴልና ሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ-ኤን እና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ ይፈታል ወይም ይቆለፋል። ኤች ፒ ላይ ቅንብሩ ባዮስ (ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የላፕቶፑ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 10ን በመጫን ይገባሉ።

ሁለቱም ካልሠሩ ቁልፉ ለሲስተሙ መድረስ አለመድረሱን እንይ። ለዚህ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኮንትሮል፣ ኦልት እና «ቲ»ን አብረው ተጭነው ተርሚናል ይክፈቱና ይህን ይጻፉ፦

ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ ኤ-ፒ-ቲ አይ-ኤን-ኤስ-ቲ-ኤ-ኤል-ኤል ቢ-አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ-ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ-ሲ-ቲ-ኤል

የመጨረሻው ቃል ብርሃን ማዘዣው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ከዚህ በኋላ «ብራይትነስሲቲኤል» እለዋለሁ። በዚሁ መንገድ «ኤል-አይ-ቢ-አይ-ኤን-ፒ-ዩ-ቲ» ተብሎ፣ አንድ ሰረዝ (-) ገብቶ (ሰረዝ ስል ይህ ምልክት ይጻፋል)፣ «ቲ-ኦ-ኦ-ኤል-ኤስ» የሚል የሚከተለውን ጥቅልም ይጫኑ። ከዚያ «ሱዱ» (ከላይ ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ ብለን የጻፍነው፣ በይለፍ ቃል በሙሉ ሥልጣን ማዘዣው)፣ «ሊብኢንፑት» (ኤል-አይ-ቢ-አይ-ኤን-ፒ-ዩ-ቲ)፣ ቀጥሎም «ዲ-ኢ-ቢ-ዩ-ጂ» ሰረዝ «ኢ-ቪ-ኢ-ኤን-ቲ-ኤስ» ብለው ያስኬዱትና የብርሃን ቁልፉን ይጫኑ። በተጫኑ ቁጥር አዲስ መስመር ከተጻፈ ቁልፉ ይሰማል። ምንም ካልተጻፈ የቁልፉ ትእዛዝ ሲስተሙ ጋ አይደርስም። ለመውጣት ኮንትሮልና «ሲ»ን ይጫኑ።

ለማይደርስ ቁልፍ ፈጣኑ መፍትሔ ሌላ ቁልፍ መስጠት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ከፍተው የራስዎን አቋራጭ ይጨምሩ። ለመቀነሻው ትእዛዙ «ብራይትነስሲቲኤል ኤስ-ኢ-ቲ 10%-» ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። ለመጨመሪያው «ብራይትነስሲቲኤል ኤስ-ኢ-ቲ +10%» ነው፤ የመደመር ምልክቱ ከፊት ይቀድማል። መጀመሪያ ተርሚናል ላይ ያለ ሱዱ ይሞክሩት፤ አቋራጭ ቁልፍ የይለፍ ቃል ሊጠይቅዎ አይችልምና እዚያ እምቢ ካለ በቁልፉም አይሠራም። ያለ ሱዱ ከሠራ ጨርሰዋል።

ደረጃ 4፦ ድራይቨሩን የሚያሰናክለውን ቃል ይፈልጉ

ሊኑክስን ሲጭኑ ስክሪኑ ጨልሞ ወይም ተንጠልጥሎ ቀርቶብዎት «አስተማማኝ ግራፊክስ» በሚለው መስመር ጭነውት ነበር? ወይም የጫነልዎት ሰው እንዲያ አድርጎ ይሆን? ያ መንገድ «ኖሞድሴት» የተባለ ቃል ለከርነሉ ይሰጣል። ቃሉ የግራፊክስ ድራይቨሩ ሥራውን እንዳይጀምር ያግደዋል። ለመጫን ያህል ይጠቅማል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሲስተሙ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ድራይቨር ከሌለ ደግሞ መብራቱን የሚያዝዝ የለም። ሌላው ምልክቱ የስክሪኑ ስፋት ከአንድ መጠን በቀር ሌላ ምርጫ አለመስጠቱና ቪዲዮ መንቀራፈፉ ነው።

ለማረጋገጥ፦

ሲ-ኤ-ቲ /ፒ-አር-ኦ-ሲ/ሲ-ኤም-ዲ-ኤል-አይ-ኤን-ኢ

በሚመጣው ረጅም መስመር ውስጥ «ኤን-ኦ-ኤም-ኦ-ዲ-ኢ-ኤስ-ኢ-ቲ» የሚል ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። በደረጃ 6 በማሳየው መንገድ ለአንድ ጊዜ አውጥተውት ያስነሱ፤ ስክሪኑ በደህና ከመጣ በደረጃ 7 ለዘለቄታው ያውጡት። ሲወጣ ስክሪኑ ከጨለመና ላፕቶፑ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ የሠራው የግራፊክስ ካርድ ካለው ደረጃ 8ን ይመልከቱ።

ደረጃ 5፦ መብራቱን በእጅ ይዘዙት

ይህ ደረጃ የችግሩን ልብ ያሳያል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ተርሚናል ላይ፦

ሲ-ዲ /ኤስ-ዋይ-ኤስ/ሲ-ኤል-ኤ-ኤስ-ኤስ/ቢ-ኤ-ሲ-ኬ-ኤል-አይ-ጂ-ኤች-ቲ

ከዚያ «ኤል-ኤስ» ብለው ኢንተር ይጫኑ። ከርነሉ የሚያውቃቸው የስክሪን መብራቶች እዚህ እያንዳንዳቸው እንደ ፎልደር ይታያሉ። ኢንቴል ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ በ«ኢንቴል» የሚጀምር ስም ያሳያል፤ ኤ ኤም ዲ ያለው «ኤ-ኤም-ዲ-ጂ-ፒ-ዩ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። በ«ኤ-ሲ-ፒ-አይ» የሚጀምር ካለ በባዮሱ በኩል የሚያዝዘው ነው።

ምንም ካልታየ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ፣ ኤንቪዲያ ካርድ ካለዎት ደግሞ ወደ ደረጃ 8 ይለፉ፤ ድራይቨሩ አልተነሳም። ሁለት ስም ከታየ ልብ ይበሉ፤ ሲስተሙ የሚያዝዘው አንደኛውን፣ መብራቱ የሚሰማው ግን ሌላኛውን ሊሆን ይችላል። ማንሸራተቻው እየተንቀሳቀሰ ብርሃኑ የማይለወጠው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን «ሲ-ዲ» ብለው ክፍት ቦታ ይተዉ፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይጻፉ፣ ታብ ይጫኑ፣ ኢንተር ይጫኑ። ፎልደሩ ውስጥ ገብተዋል። የብርሃኑን ጣሪያ ለማየት፦

ሲ-ኤ-ቲ ኤም-ኤ-ኤክስ

ብለው ኢንተር ሳይጫኑ ታብ ይጫኑ፤ ስሙ ሲሞላ ኢንተር። የሚመጣው ቁጥር እንደ ላፕቶፑ ይለያያል። አንዱ ላይ 15 ነው፣ ሌላው ላይ 255፣ ሌላው ላይ ብዙ ሺህ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉና ግማሹን ያስሉ። ጣሪያው 255 ከሆነ 120 ይበቃል፦

ኢ-ሲ-ኤች-ኦ 120 | ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ ቲ-ኢ-ኢ ቢ-አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ-ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ

በመካከል ያለው ቀጥ ያለ መስመር ኪቦርዱ ላይ ከኋልዮሽ ስላሹ ጋር በአንድ ቁልፍ ላይ ነው፤ ከሺፍት ጋር ይጫኑታል። የይለፍ ቃልዎን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ምንም ነጥብ አይታይም፤ ዝም ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ።

ብርሃኑ ወዲያው ከቀነሰ ስክሪንዎ ጤነኛ ነው። ይህን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ስክሪን ይቀየር የሚልዎትን አይስሙ። ካልቀነሰ ሌላኛው ፎልደር ውስጥ ገብተው ይሞክሩ። የቱም ካልሠራ ወይም የሠራው ማንሸራተቻው የማያዝዘው ከሆነ ይቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚቆይ ሙከራ

ከርነሉ የትኛውን የብርሃን መንገድ እንዲጠቀም በአንድ ቃል ሊነገረው ይችላል። መጀመሪያ በሙከራ የሚደረግበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቃሉ ባይስማማ ላፕቶፑን እንደገና ማስነሳት ብቻ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። ፋይል ላይ ተቸኩሎ ከተጻፈ ግን መመለሻው ይረዝማል።

በደረጃ 1 እንዳሳየሁት የግራብን ዝርዝር ያምጡ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሳሉ «ኢ» ፊደልን ይጫኑ። በሚከፈተው ጽሑፍ ውስጥ «ሊኑክስ» በሚለው ቃል የሚጀምረውን መስመር ይፈልጉ፤ መጨረሻው አካባቢ ብዙ ጊዜ «ክዋየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ቃላት አሉበት። በቀስት ቁልፍ ከስፕላሽ በኋላ ይድረሱ፣ አንድ ክፍት ቦታ ይተዉና ይህን ይጨምሩ፦

ኤ-ሲ-ፒ-አይ_ቢ-ኤ-ሲ-ኬ-ኤል-አይ-ጂ-ኤች-ቲ=ኤን-ኤ-ቲ-አይ-ቪ-ኢ

ከእኩል ይሆናል ምልክቱ በፊትም በኋላም ክፍት ቦታ የለም። ኤፍ 10ን ይጫኑ፤ ይነሳል። ማንሸራተቻውን ይሞክሩ። ካልሠራ እንደገና አስነስተው ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን በ«ቪ-ኢ-ኤን-ዲ-ኦ-አር» ይተኩ፤ እሱም ካልሆነ በ«ቪ-አይ-ዲ-ኢ-ኦ»። የመጀመሪያው የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ሁለተኛው የላፕቶፑን አምራች ድራይቨር፣ ሦስተኛው የባዮሱን መንገድ ያስመርጣል። ሦስቱን በአንድ መስመር ላይ አይደርድሩ።

ኖሞድሴትን ለማውጣት የመጡ ደግሞ በዚሁ መስመር ላይ ቃሉን ብቻ ሰርዘው ኤፍ 10ን ይጫኑ።

ደረጃ 7፦ የሠራውን ለዘለቄታው ይጻፉ

መጀመሪያ ቅጂ ያስቀምጡ፦

ሲ-ዲ /ኢ-ቲ-ሲ/ዲ-ኢ-ኤፍ-ኤ-ዩ-ኤል-ቲ

ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ ሲ-ፒ ጂ-አር-ዩ-ቢ ጂ-አር-ዩ-ቢ.ቢ-ኤ-ኬ

ከዚያ ፋይሉን ይክፈቱ፦

ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ ኤን-ኤ-ኤን-ኦ ጂ-አር-ዩ-ቢ

ክዋየት ስፕላሽ የሚሉት ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያሉበትን መስመር ያግኙ፤ መስመሩ «ዲፎልት» በሚል ቃል ከሚያበቃ ረጅም ስም በኋላ ነው የሚመጣው። የሠራልዎትን ቃል ከስፕላሽ በኋላ ክፍት ቦታ ትተው ይጨምሩ፤ ከመዝጊያው ጥቅስ ውጭ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። ኖሞድሴት ከሆነ ይሰርዙት። ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ኮንትሮልና ኤክስ ተጭነው ይውጡ። በመጨረሻም «ሱዱ» ብለው «ዩ-ፒ-ዲ-ኤ-ቲ-ኢ» ሰረዝ «ጂ-አር-ዩ-ቢ» ይጻፉ። ይህን የመጨረሻ ትእዛዝ ካላስኬዱ ፋይሉ ላይ የጻፉት ሁሉ አይሠራም፤ ግራብ ሲነሳ የሚያነበው ሌላ ፋይል ነውና።

ፌዶራ ላይ ይህ ትእዛዝ የለም፤ የከርነል ቃላትን የሚጨምረውና የሚቀንሰው «ጂ-አር-ዩ-ቢ-ቢ-ዋይ» የተባለው መሣሪያ ነው።

ደረጃ 8፦ ኤንቪዲያ ካርድ ላላቸው ብቻ

ኡቡንቱ ላይ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው የተፈተነ ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ይምረጡ። ጥቅሉ ትልቅ ስለሆነ በስልክ ዳታ ሳይሆን ዋይ ፋይ ባለበት ያውርዱት። ሲጫን አዲስ የይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ከጠየቀዎት ወረቀት ላይ ይጻፉት። ላፕቶፑ ሲነሳ አንድ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ቁልፍ ይመዝገብ ወይ ይላል፤ የመመዝገቢያውን መስመር መርጠው ያንኑ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ገጹን ሳያነቡ ያለፉት ሰዎች ድራይቨሩ ሳይሠራላቸው ይቀራል፤ ምክንያቱም ሴኪዩር ቡት (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልተፈቀደ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ) ያልተመዘገበ ድራይቨር አያስነሳም።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

*ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ትእዛዝ መጻፍ።* ተርሚናሉ የግዕዝ ፊደል ተቀብሎ «ትእዛዙ አልተገኘም» ይላል። ከመጀመርዎ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ። የይለፍ ቃል ላይ ደግሞ የሚጻፈው ስለማይታይ ስህተቱ ጭራሽ አይገባዎትም።

*«ኤክስራንድር» በተባለው ትእዛዝ ብርሃን መቀነስ።* ብዙዎች ይመክሩታል። እሱ የሚያደርገው ሥዕሉን ማጥቆር ብቻ ነው፤ ከጀርባ ያለው መብራት እንዳለ ይበራል። ዓይንዎ ያርፍ ይሆናል፣ ባትሪዎ ግን አንዲት ደቂቃ አትጨምርም። የምሽት ብርሃን የሚባለው ቅንብርም ቀለሙን ብቻ ነው ወደ ብጫ የሚያዞረው።

*በራሱ የሚለዋወጥን ብርሃን እንደ ብልሽት መቁጠር።* ሴቲንግስ ውስጥ የኃይል ገጹን ከፍተው ብርሃንን በራሱ የሚያስተካክለውንና ሥራ ሲፈቱ የሚያደበዝዘውን ያጥፉ። ኤ ኤም ዲ ባለው ላፕቶፕ በአዳዲስ ሲስተሞች ላይ የኃይል ቁጠባ ሁነታ ቀለሙን ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ወደ ሚዛናዊው ሲመልሱት ይስተካከላል።

*በተነሳ ቁጥር ብርሃኑ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሁሉን ከመጀመሪያ መነካካት።* ሲስተሙ ሲዘጋ ብርሃኑን መዝግቦ ሲነሳ መመለስ ይኖርበታል። ካልመለሰ፣ ሲነሱ በሚጀምሩ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ «ብራይትነስሲቲኤል ኤስ-ኢ-ቲ 40%» ብለው ይጨምሩ፤ ይበቃል።

ጥገና ቤት ከመውሰድዎ በፊት

ስክሪኑ ጨርሶ ጨለማ ከሆነ ላፕቶፑን አብርተው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይግቡ። የስልክዎን መብራት ስክሪኑ ላይ በሰያፍ ያብሩ። ከብርሃኑ ጠርዝ አካባቢ የፎልደሮቹ ምልክቶች ወይም የመግቢያው ገጽ በስሱ፣ እንደ ጥላ ከታዩዎት ሥዕሉ አለ፤ የሞተው የጀርባው መብራት ወይም ለእሱ ኃይል የሚያደርሰው ክፍል ነው። ይህ በትእዛዝ አይፈታም።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ባዮስ ነው። ዴል ላይ በኤፍ 2፣ ኤች ፒ ላይ በኤፍ 10 ገብተው እዚያ ሳሉ የብርሃን ቁልፎቹን ይሞክሩ። ባዮስ ውስጥ ሊኑክስ የለም፤ እዚያ ብርሃኑ ከታዘዘ ዕቃው ደህና ነው፣ ሥራው ከደረጃ 4 እስከ 8 ውስጥ ነው። ሁሉም ላፕቶፕ ባዮስ ውስጥ እነዚህን ቁልፎች ስለማይቀበል ግን እዚያ አለመሥራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከስልክ መብራቱ ፍተሻ ጋር አያይዘው ይዩት።

ለባለሙያው ሲሰጡ «ስክሪኑ ተበላሽቷል» አይበሉት። በመብራት ሲታይ ሥዕል እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ የጠረጴዛ ስክሪን ሲገናኝ ምስል መስጠት አለመስጠቱን፣ ክዳኑን ወደ ኋላ ሲያጋድሉት ብርሃኑ ብልጭ ማለት አለማለቱን ይንገሩት። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ብልጭ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ነው።